ቆስጠንጢኖስ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገው የሚባለው ልክ ነው?

ብራና

በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ የምንሰማት አባባል አለች። ዲዮቅልጥያኖስ «አብያተ ክርስቲያናት ይዘጉ፣ አብያተ ጣዖታት ይከፈቱ» አለ። ቆስጠንጢኖስ መጣና አዋጁን ገለበጠው። ሕዝቡ እልል ይላል፤ ሰባኪውም ወደ ንግሥት እሌኒ ያልፋል።

አባባሏ ደስ ትላለች። ግን ሰማንያ ዓመት ያህል ትዘላለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰባትና ስምንት እየቀነስን እንዳንጨቃጨቅ።)

በ313 ቆስጠንጢኖስና አብሮት ይገዛ የነበረው ቄሣር ሊቂንዮስ ሚላን ላይ ተስማሙ። ስምምነቱ ክርስቲያኑም ሌላውም የፈለገውን አምልኮ ይከተል ይላል። ከክርስቲያኖች የተወረሰ ቤትና መሬት ያለ ክፍያ ይመለስ ይላል። የጣዖት ቤት ይዘጋ የሚል ነገር የለበትም። እንዲያውም በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የተጀመረውን ታላቁን ስደት በአዋጅ ያቆመው ቄሣሩ ጋሌርዮስ ነው። ያ ዋናው አሳዳጅ! በ311 በጠና ታሞ፣ ሊሞት ቀናት ሲቀሩት፣ ክርስቲያኖች ለእሱም ለመንግሥቱም ወደ አምላካቸው እንዲጸልዩ ጠየቀ።

ቆስጠንጢኖስ ራሱስ? የሮም አማልክት ሊቀ ካህናት የሚያሰኘውን የቄሣሮች ማዕረግ እስኪሞት አልተወም። በ321 እሑድ ሥራ ይቁም ሲል ሕጉ ቀኗን «የተከበረችው የፀሐይ ቀን» ነው የሚላት። የተጠመቀው በ337፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። ያጠመቀው ደግሞ የአርዮስ ወዳጅ የነበረው የኒቆምድያው አውሳብዮስ።

የመንግሥት ሃይማኖት የሚባለው ነገር የመጣው በቄሣር ቴዎዶስዮስ ዘመን ነው። በ380 ተሰሎንቄ ላይ በወጣው አዋጅ ሕዝቡ ሁሉ የሮሙ ጳጳስ ደማስዮስና የእስክንድርያው ጳጳስ ጴጥሮስ የሚያምኑትን እንዲያምን ታዘዘ። በ391 እና በ392 በወጡ ሕጎች መሥዋዕት ማቅረብ ተከለከለ።

እኔ የምለው፦ ቆስጠንጢኖስ የበቀለውን አገኘ እንጂ አልዘራም። ከ313 በፊት ማን አሳደገው ታዲያ? እስቲ የምታውቁትን ወርውሩ።

---

ቀጨኔ

ብራና፣ ሕጉ ምንም ይበል፣ ንጉሥ ወደየት እንዳዘነበለ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ሮም ላይ የላተራንን ባዚሊካ ሠራ። ጴጥሮስ ተቀብሮበታል በሚባለው ቦታ ሌላ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አቆመ። ኢየሩሳሌም ላይ ጎልጎታን። ካህናትን ደግሞ ከከተማ አስተዳደር ግዴታ ነፃ አወጣቸው።

ያ ግዴታ ቀላል አልነበረም። የከተማ ምክር ቤት አባል ከሆንክ ግብሩ ሲጎድል ከኪስህ ታሟላለህ። ነፃ የሚያወጣ መንገድ ሲገኝ ምን ሆነ መሰለህ? ሀብታም ሁሉ ቅስና አማረው። ቆስጠንጢኖስ ራሱ ቆይቶ የምክር ቤት ዘርና ባለሀብት ካህን እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ ማውጣት ግድ ሆነበት። አዋጅ ሳይኖር ጥቅም ብቻውን ስንቱን እንደሚጠራ ከዚህ እይ።

---

ብራና

ቀጨኔ፣ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ያ ሁሉ ከ313 በኋላ ነው። የኔ ጥያቄ ከዚያ በፊት ያለው ነው። በ303 ስደቱ ኒቆምድያ ላይ ሲጀመር መጀመሪያ የፈረሰችው ቤተ ክርስቲያን የት እንደነበረች ታውቃለህ? ከቤተ መንግሥቱ ሆነው የሚያዩአት ቦታ ላይ። ዲዮቅልጥያኖስና ጋሌርዮስ ቆመው እያዩ ነው ወታደር የላኩት። ከንጉሥ መስኮት ፊት ለፊት ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ ሕዝብ ተደብቆ የሚኖር ሕዝብ አይደለም።

---

ሒሳብ_ወዳድ

ቁጥር ላምጣ? ሮድኒ ስታርክ የሚባል አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር የሠራት ስሌት አለች። በ40 ዓ.ም. አንድ ሺህ ክርስቲያን ነበረ እንበል። በየአሥር ዓመቱ 40 በመቶ ይጨምር። በዓመት ሲሰላ 3.4 በመቶ ገደማ ነው፤ ማለትም መቶ ሰው ባለበት ማኅበር በዓመት ሦስት አራት አዲስ ሰው።

በ100 ላይ 7,500 ገደማ ይደርሳል። በ200 ላይ 218,000 ገደማ። እስከዚህ ድረስ ማንም አያያቸውም። በ300 ላይ ግን 6.3 ሚሊዮን! የግዛቱን ሕዝብ 60 ሚሊዮን ብንል አሥር ከመቶ ማለት ነው። በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ በ350 ላይ 34 ሚሊዮን ገደማ፣ ከግማሽ በላይ።

ፍጥነቱ አንዴም አልተቀየረም፤ ልብ በሉ። መነሻው ላይ እንደ ኤሊ የሚሄድ የሚመስለው ያው ዕድገት ነው መጨረሻው ላይ የሚፈነዳው። ንጉሥ ቢኖርም ባይኖርም።

---

የወንጌል_አርበኛ

ወንድም ሒሳብ፣ በሐዋርያት ሥራ 2፥41 በአንድ ቀን ብቻ ሦስት ሺህ ነፍስ ተጨመረ ይላል። ምዕራፍ 4 ላይ የወንዶቹ ቁጥር አምስት ሺህ ደረሰ ይላል። አንድ ሺህ ከየት መጣ? መንፈስ ቅዱስን በፐርሰንት ልትለካው ነው?

---

ሒሳብ_ወዳድ

ኧረ በጭራሽ 😄 አንድ ሺህ የተባለው መነሻ ግምት ነው፣ ሰውየውም ግምት መሆኑን አይክድም። መነሻውን አምስት ሺህ ብታደርገው በ300 ወደዚያው ቁጥር ለመድረስ የሚያስፈልገው ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፤ ያን ያህል አይለወጥም። የኔ ነጥብ ስደት ባለበት ሁኔታ እንኳን ዕድገቱ ሊታመን የሚችል መሆኑ ነው።

---

ብራና

ስሌቷ ጥሩ ናት፤ አንድ ነገር ግን ትደብቃለች። ዕድገቱ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አልሄደም። ትንሿ እስያ፣ ሶርያ፣ ግብፅ፣ ሰሜን አፍሪካ ላይ ገና በጠዋቱ ጠንክሯል። ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) እና ብሪታንያ ላይ ለረጅም ጊዜ ቀጭን ነበር።

ለትንሿ እስያ ምስክር ልጥራ። በ112 አካባቢ ፕሊኒ የተባለ ገዥ ከቢታንያና ከጳንጦስ ለቄሣር ትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያኖችን ምን ላድርግ ነው ጥያቄው። ከየዕድሜው፣ ከየማዕረጉ፣ ወንዱም ሴቱም አለበት ይላል። ከተማ ብቻ አይደለም፣ ገጠር ገብቷል ይላል። ቤተ ጣዖቱ ጭር ብሎ ነበር፣ የመሥዋዕት ሥጋ ገዥ አጥቶ ነበር ይላል። ጉዳዩን ለማጣራት ያስገረፋቸው ሁለት ሴቶች ባሪያዎች ነበሩ፤ በማኅበራቸው ግን እንደ ዲያቆናዊት የሚቆጠሩ።

ትራጃን የመለሰው ግራ የገባው መልስ ነው። አታድኗቸው፣ ተከሰው ከመጡና ካልካዱ ግን ቅጣቸው፣ ስም የሌለው ጥቆማ አትቀበል። ወንጀለኛ ከሆኑ ለምን አይታደኑም? ካልሆኑስ ለምን ይቀጣሉ? ያ ክፍተት ነው ለመቶ ሠላሳ ዓመት መተንፈሻ የሰጣቸው። ስደት ነበረ፣ ግን እዚህም እዚያም ነው፤ በገዥው ጠባይና በከተማው ሕዝብ ቁጣ የሚወሰን።

---

ዲያቆን_ዘጎጃም

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ስሌትና ስለ ደብዳቤ ብዙ ተባለ። ስለ ሰማዕታት ግን ማንም አላነሳም። ቤተ ክርስቲያን ያደገችው በደማቸው ነው። በባሕረ ሐሳባችን ዓመተ ሰማዕታትን የምንቆጥረው ከ284 ነው፤ ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ዓመት። ግብፃውያን ወንድሞቻችን ዛሬም ዘመናቸውን በእሱ ይቆጥራሉ። አንድ ሕዝብ ዘመኑን ከአሳዳጁ ዙፋን ጀምሮ ሲቆጥር የመከራውን ክብደት ያሳያል።

---

የአራዳ_ምሁር

ዲያቆን፣ በአክብሮት፣ ሁሉም ግን ሰማዕት አልሆነም። የቄሣር ዳኬዎስን ዘመን ተመልከቱ። በ250 ገደማ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት ይሠዋ ብሎ አዘዘ። የሠዋ ሰው ወረቀት ይሰጠዋል። ልክ እንደ ቀበሌ ወረቀት! ከእነዚህ ወረቀቶች ከአርባ በላይ የሚሆኑት ግብፅ ውስጥ በፓፒረስ ተገኝተዋል። አጻጻፉ አንድ ዓይነት ነው፦ ሁልጊዜ ለአማልክት ስሠዋ ኖሬአለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ ሠውቻለሁ፣ አፍስሻለሁ፣ ከመሥዋዕቱም ቀምሻለሁ፣ ፈርሙልኝ። ከታች የኮሚቴው ፊርማ አለ።

ክርስቲያኑ ምን አደረገ? የሞተ አለ፣ የታሰረ አለ፣ የሸሸ አለ። የካርቴጁ (ሰሜን አፍሪካ) ጳጳስ ቆጵርያኖስ ራሱ ተደበቀ። ብዙ ሕዝብ ግን ሠዋ። ሌላው ሳይሠዋ ጉቦ ሰጥቶ ወረቀቷን አወጣ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይሄን ይረዳዋል 😂

---

ዲያቆን_ዘጎጃም

ልክ ነህ፣ ግን ጨርሰው እንጂ። ቆጵርያኖስ የኋላ ኋላ በ258 በቄሣር ቫሌርያኖስ ዘመን አንገቱን ሰጥቷል። የሸሸው ፈርቶ ሳይሆን መንጋውን ለመጠበቅ እንደሆነ ያኔ ታየ።

---

የአራዳ_ምሁር

ተስማምቻለሁ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ነው። የካዱት «መልሱን» ብለው ሲመጡ ምን ይደረግ? አንዳንዱ አንዴ የካደ አይመለስም አለ። ሮም ላይ ኖቫትያን በዚህ የተነሣ ተለይቶ የራሱን ማኅበር አቆመ። ቆጵርያኖስና የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ ግን ንስሐ ገብተው ይመለሱ አሉ።

እኔ ለዕድገቱ ይሄ ውሳኔ ከሰማዕትነቱ እኩል ይመስለኛል። የጀግኖች ብቻ ማኅበር ብትሆን ኖሮ ትንሽ ሆና ትቀር ነበር። ደካማውንም የምትይዝ ሆና ወጣች።

---

ነርሷ

እኔ ታሪክ አልተማርኩም፣ ጀርመን አገር ነርስ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ250ዎቹ ትልቅ ወረርሽኝ ነበር። የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖቹ በሽተኛ ሲያስታምሙ አብረው እንደሞቱ፣ ሌላው ሰው ግን የገዛ ዘመዱን መንገድ ላይ እየጣለ እንደሸሸ ይናገራል።

መድኃኒት በሌለበት ዘመን ማስታመም ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። በጣም ይጠቅማል! ትኩሳትና ተቅማጥ ያለበት ሰው ውሃ የሚያቀርብለት፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው ሰው ካገኘ የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። አስታማሚ የሌለው በጥም ብቻ ይሞታል። የተረፈው ሰው ደግሞ ማን ውሃ እንዳጠጣው አይረሳም። ጎረቤቱም አይቷል።

---

ቀጨኔ

እህቴ፣ ዲዮናስዮስ ጳጳስ ነው። ስለ ወገኖቹ ክፉ ይጽፋል እንዴ?

---

የአራዳ_ምሁር

ቀጨኔ፣ ለዚህ ጠላት የመሰከረው አለልህ። ዑልያኖስ ከሃዲ! የቆስጠንጢኖስ ወንድም ልጅ ነው። ክርስቲያን ሆኖ አድጎ፣ በ361 ሲነግሥ ወደ ጥንቱ አማልክት ተመለሰ። የአረማውያኑን ካህናት ሊያደራጅ ፈልጎ ለገላትያው ሊቀ ካህናት ሲጽፍ ምን አለ? እነዚያ ገሊላውያን (ክርስቲያኖቹን ማለቱ ነው) የራሳቸውን ድሃ ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ፣ የእኛዎቹ ግን ከእኛ ምንም አያገኙም፣ ይህ ነውር ነው። እናንተም ለእንግዳና ለድሃ ማረፊያ አቋቁሙ አለ።

ሊያጠፋቸው የሚፈልግ ሰው ነው ይህን የጻፈው። ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም። ነርሷ ያለችው ነገር ልክ ነው።

አሁንም ቁጥር ለሚወድ፦ በ251 የሮም ቤተ ክርስቲያን 46 ቀሳውስትና 7 ዲያቆናት ነበሯት፤ የምትረዳቸው መበለቶችና ችግረኞች ደግሞ ከ1,500 በላይ። ይህን ቆርኔሌዎስ ራሱ በደብዳቤ ጽፎታል። ያለ መንግሥት በጀት፣ ያለ ሕጋዊ ዕውቅና።

---

ነርሷ

ሴቶችንም አትርሱ እንጂ። ግብፅ ውስጥ የተገኘ ደብዳቤ አለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1 ዓመተ ዓለም ላይ የተጻፈ። ባል ከእስክንድርያ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ ይጽፋል። ወንድ ከሆነ ይቆይ፣ ሴት ከሆነች ጣያት ይላል። ደግሞ ክፉ ሰው አይመስልም፣ ደብዳቤው ላይ ሚስቱን እንዴት እረሳሻለሁ ይላታል። በቃ ልማዱ ነው። አይሁድም ክርስቲያኖችም ሕፃን መጣልን ይከለክሉ ነበር። ሴት ልጅ የማይጥል ማኅበር ከጊዜ በኋላ ብዙ እናቶች ይኖሩታል። ይሄ ስሌት አይፈልግም።

---

የሐረር_ሰው

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሙስሊም ነኝ፣ ክሩን ከመጀመሪያው እየተከታተልኩ ነው፣ ተምሬበታለሁ። ግን ሁላችሁም ከ313 በፊት ያለውን ጣፋጩን ክፍል ነው የምታወሩት። ብራና ያነሳው 380 እና 392ስ? ስትሰደዱ ሃይማኖት በግድ አይሆንም ያላችሁ ሰዎች ሥልጣን ሲመጣ ምን አደረጋችሁ?

ሲማኩስ የሚባል የሮም ሹም በ384 ለቄሣሩ ያቀረበው አቤቱታ አለ። ከምክር ቤቱ የተነሣው የድል አምላክ መሠዊያ ይመለስልን ነው የሚለው። ወደዚያ ታላቅ ምሥጢር በአንድ መንገድ ብቻ አይደረስም ብሎ ለመነ። አልተመለሰለትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ እስክንድርያ ላይ የሴራፒስ ቤተ መቅደስ ፈረሰ። ጳጳሱ ቴዎፍሎስ ከፊት ነበሩበት።

---

ከአሽዶድ

የሐረር ሰው፣ እኔም ልጨምርልህ። በ388 ኤፍራጥስ ዳር ባለችው ካሊኒኩም ክርስቲያኖች የአይሁድ ምኩራብ አቃጠሉ። የአገሩ ጳጳስ አነሣስቷቸው ነው። ቴዎዶስዮስ መጀመሪያ በትክክል ፈረደ፤ ጳጳሱ በገንዘቡ ያሠራው አለ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ግን ተቃወመ፣ ቄሣሩን ቅዳሴ ላይ ፊት ለፊት ገሠጸው። ቴዎዶስዮስ ትእዛዙን አነሣ። ምኩራቡ እንደተቃጠለ ቀረ።

ይኸው አምብሮስዮስ ነው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቴዎዶስዮስ ተሰሎንቄ ላይ ሕዝብ ሲያስጨፈጭፍ ንስሐ ካልገባህ አታገኘኝም ያለው። ለዚህኛው ሁሉም ያጨበጭብለታል። የመጀመሪያውን የሚያነሣ ግን ትንሽ ነው።

---

ብራና

ሁለታችሁም ያላችሁት የሆነ ነገር ነው፣ የሚስተባበል የለውም። እንዲያውም ዱላው ክርስቲያኑ ራሱ ላይም ዞሯል። በ385 ትሪየር (ዛሬ ጀርመን ውስጥ) ላይ ጵርስቅልያኖስ የሚባል የስፔን ጳጳስ በጠንቋይነት ተከሶ በመንግሥት ፍርድ ተገደለ። ከሳሾቹ ጳጳሳት ናቸው። ሌሎች ጳጳሳት በጣም ተቃወሙ፤ አንዱ የቱሩ ማርቲን ነው።

እኔ ቆስጠንጢኖስን ከቴዎዶስዮስ ለይተን እንይ ስል የነበረው ለዚህም ነው። 313 እና 392 አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው ሁሉም ያምልክ ይላል። የሁለተኛው ዘመን አንዱ ብቻ ያምልክ ይላል። ሁለቱን በአንድ አዋጅ ስንጠቀልላቸው በመካከል የጠፋውን ነፃነት አናየውም።

---

ዲያቆን_ዘጎጃም

ብራና፣ አንድ ጥያቄ። ቆስጠንጢኖስን እንዲህ ካሳነስከው ኒቅያስ? በ325 ሠለስቱ ምዕትን የሰበሰበ፣ ስንቅና መጓጓዣ የሰጠ እሱ አይደለም?

---

ብራና

አላሳነስኩትም ዲያቆን። ኒቅያ ግን የኔን ሐሳብ ነው የምትደግፈው። አርዮስ ተወገዘ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያው ቆስጠንጢኖስ የአርዮስን ተቃዋሚ የእስክንድርያውን ጳጳስ አትናቴዎስን ወደ ትሪየር አጋዘው። ልጁ ቆንስታንጥዮስ ሲነግሥ ቤተ መንግሥቱ ወደ አርዮሳውያን አዘነበለ። አትናቴዎስ በሕይወቱ አምስት ጊዜ ተሰዷል፤ አራቱ ጊዜ በክርስቲያን ነገሥታት ነው፣ አንዱ ብቻ በዑልያኖስ። ንጉሥ ክርስቲያን ሆነ ማለት ቤተ ክርስቲያን አረፈች ማለት አልነበረም። ንጉሡ የየትኛው ወገን ነው የሚለው ጥያቄ መጣ።

---

ጡረተኛው_መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። ሃያ ኮሜንት ሙሉ ሮም ሮም ስትሉ የራሳችሁን ደጅ ረሳችሁት። ቆንስታንጥዮስን ካነሣችሁ አክሱም መድረስ ነበረባችሁ።

ያ ቄሣር በ356 አካባቢ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል። አትናቴዎስ የሾመላችሁን ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ፣ አዲሱ ጳጳስ ጊዮርጊስ ይመርምረው ነው የሚለው። ጊዮርጊስ የተባለው አርዮሳዊ ነው። ደብዳቤውን ጠብቆ ያቆየልን ደግሞ ተከሳሹ አትናቴዎስ ራሱ ነው፤ ለቄሣሩ በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስገብቶት። የሮም ቄሣር የእኛን ጳጳስ ጉዳይ እስኪከታተል ድረስ አክሱም ዓለም ውስጥ ነበረች።

እኛ ጋ መንገዱ ከሮም ተገላቢጦሽ ነው። ሮም ላይ ባሪያውና ነጋዴው አመነ፣ ንጉሡ መጨረሻ መጣ። እኛ ጋ ከቤተ መንግሥት ተጀመረ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደጻፈው ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ ከጢሮስ የመጡ ልጆች ናቸው። መርከባቸው ተጠቅቶ እነሱ ብቻ ተረፉ፣ ለንጉሡ ተሰጡ። ኤድስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፣ ፍሬምናጦስ የንጉሡ ሒሳብና ጽሕፈት ኃላፊ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ አትሂዱ ብላ ለመነቻቸው። ሩፊኖስ ይህን የሰማው ከኤድስዮስ ከራሱ አፍ ነው፤ በኋላ ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ሆኖ ነበር።

---

የወንጌል_አርበኛ

መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጃንደረባውስ? የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ በ34 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ክርስትናን ተቀበለች ሲባል ነው ያደግነው።

---

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ ጃንደረባው ተጠምቋል፣ መጽሐፉ ይላል። ህንደኬ የሚለው ስም ግን የሜሮዌ ንግሥታት ማዕረግ ነው፤ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ያለች አገር። የእኛ ትውፊት ይዞታል፣ እኔም አልነጥቅህም። ግን አንድ ሰው ተጠመቀ ማለትና መንግሥት ተጠመቀ ማለት ለየብቻ ናቸው። ሌላም እንዳትረሳ፦ ፍሬምናጦስ ገና ሥልጣን ላይ እያለ የሮም ነጋዴ ክርስቲያኖችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው አድርጓል ይላል ሩፊኖስ። እንግዲህ ነጋዴዎቹ ከጳጳሱ ቀድመው ነበሩ ማለት ነው።

---

ቀጨኔ

መምህር፣ ታዲያ አክሱም ከሮም በፊት ነው የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገችው ማለት ነው? ሮም 380 ከሆነ፣ ዒዛና ከዚያ ቀድሟል።

---

ጡረተኛው_መምህር

ቀድሟል፤ አርመን ደግሞ ከእኛ ቀድማለች፣ በንጉሥ ትርዳት ዘመን። ውድድር ግን አታድርጉት። ዒዛና እንደ ቴዎዶስዮስ ሕዝብ ሁሉ ይህን እመኑ የሚል አዋጅ አልተወልንም። የተወልን ሳንቲምና ድንጋይ ነው።

ሳንቲሙ ላይ መጀመሪያ ጨረቃና ክብ ነበር፣ በኋላ መስቀል ተተካ። ከጽሑፎቹ ቀደም ባሉት የጥንቱ አምላክ የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል። ኋላ በግዕዝ ባስጻፈው ድሉን የሰጠኝ የሰማይ ጌታ ነው ይላል፣ ክርስቶስን በስም አይጠራም። በግሪክኛ ባስጻፈው ግን አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ ብሎ በግልጽ ያምናል። ግሪክኛውን ማን ያነባል? የባሕር ማዶው ነጋዴና የሮም መልእክተኛ። ግዕዙን የአገሬው ሰው። ሰውየው ሕዝቡን ሳያስደነግጥ ቀስ ብሎ የሄደ ይመስለኛል።

ከእሱ በኋላ የወጡ የመዳብ ሳንቲሞች አሉ፣ መስቀል ያለባቸው። ዙሪያውን በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ቴዎዶስዮስ ያዘዘበት ቦታ ላይ የእኛዎቹ ደስ ይበላችሁ አሉ። ገጠሩ ድረስ የገባው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፣ እነ ዘጠኙ ቅዱሳን መጥተው።

---

የሐረር_ሰው

መምህር፣ ይሄን ሳንቲም የት ማየት ይቻላል?

---

ጡረተኛው_መምህር

የአክሱም ሳንቲም አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ ለንደን የብሪቲሽ ሙዚየምም ብዙ አለው። ድንጋዩን ከፈለግህ አክሱም ሂድ፣ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክኛ የተጻፈው ትንሽ ቤት ተሠርቶለት ቆሟል። ጎብኚው የክርስቲያኑ ዒዛና ድንጋይ ነው እያለ ፎቶ ይነሣበታል። ያኛው ግን ገና ማሕረምን የሚያመሰግንበት ነው።